መንገዱ ከምጥ በፊት ካላለቀ፦ በሰሜን ሸዋ ገጠር የወሊድ አገልግሎት ለምን ይርቃል?

በየክረምቱ አንድ ዓይነት ፎቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ይዞራል። ስድስት ሰባት ጎልማሶች ቃሬዛ ትከሻቸው ላይ አድርገው ጭቃ እየረገጡ ይወርዳሉ። ቃሬዛው ላይ በጋቢ የተጠቀለለች ነፍሰ ጡር ተኝታለች። ከፎቶው ሥር የሚነሳው ክርክርም ያው ነው። አንዱ «አምቡላንሱ የት ሄደ?» ይላል። ሌላው «ቀድማ ብትመጣ ኖሮ! ይሄ የግንዛቤ እጥረት ነው» ብሎ ይመልሳል። ጥር ላይ የጤናማ እናትነት ወር ሲከበር ክርክሩ እንደገና ይነሳል፤ ወሩ ሲወጣም ይረሳል።

ሁለቱም ወገን የሚለው ነገር አለው። ግን ሁለቱም ሰዓቱን ይዘሉታል። ምጥ የያዛት ሴት ከሕክምና ያላት ርቀት የሚለካው በሰዓት ነው፤ ያም ሰዓት እንደየችግሩ ይለያያል። ይህ ካልገባን የሚገዛው አምቡላንስም የሚሰጠው ትምህርትም ቦታውን ይስታል። (እዚህ ሰሜን ሸዋ የምንለው በአማራ ክልል ያለውን፣ ደብረ ብርሃን ዋና ከተማው የሆነውን ዞን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሮቹ ለምን ይጋጫሉ?

አንዱ ዘገባ በኢትዮጵያ ከ100 ሺህ ወሊድ 412 እናቶች ይሞታሉ ይላል። ሌላው 267 ይላል። አንባቢ «አንዱ ዋሽቷል» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የዋሸ ግን የለም።

412 የመጣው ከ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። ጥናቱ ቤት ለቤት እየሄደ ሴቶችን ስለ እህቶቻቸው ይጠይቃል። የሞተች እህት ነበረሽ ወይ? ስትሞት ነፍሰ ጡር ነበረች? በወሊድ ላይ ነበረች? አራስ ነበረች? ቁጥሩ የሚሰላው ከዚህ መልስ ነው። ስለዚህ የሚናገረው ስለ ጥናቱ ዓመት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ስላሉት ሰባት ዓመታትም ጭምር ነው። የስህተት ክልሉም ሰፊ ነው፤ ከ273 እስከ 551 ይደርሳል። 267 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ከተለያዩ መረጃዎች በስሌት ያወጡት የ2020 ግምት ነው። ዘዴያቸውም ዘመናቸውም የተለያየ ስለሆነ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ቀነሰ» ወይም «ተጋነነ» ማለት አይቻልም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። በ2000 ተመሳሳይ ጥናት ያወጣው ቁጥር 871 ነበር።

ለገጠሩ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላ ቁጥር ነው። በ2000 በጤና ተቋም የሚከናወነው ወሊድ ከ100 አምስት ብቻ ነበር። በ2016 26 ሆነ፣ በ2019 48 ደረሰ። በ2019 ከተማው 70 ሲሆን ገጠሩ 40 ነው። በዚያው የ2019 ጥናት ቢያንስ አንድ ጊዜ የቅድመ ወሊድ ክትትል ያደረጉት ከ100ው 74 ናቸው። አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የሄዱት ግን 43 ብቻ ናቸው።

በደምሳሳው ሲታይ ሩቡ ያህል እናቶች የጤና ጣቢያውን በር ያውቁታል ማለት ነው። ካርድ አውጥተዋል፣ ደም ግፊታቸውን ተለክተዋል፣ ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል። ምጥ ሲመጣ ግን ቤት ቀርተዋል። «ግንዛቤ የላቸውም» የሚለው ማብራሪያ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ባታውቅ ኖሮ መጀመሪያም አትሄድም ነበር። በክትትሉና በምጡ መካከል አንድ ነገር ይበጠሳል።

ሦስቱ መዘግየቶች

ሴሪን ታዴየስና ዲቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 ባወጡት ጽሑፍ ችግሩን በሦስት ከፈሉት። የጤና ባለሙያዎች እስከ ዛሬ «ሦስቱ መዘግየቶች» እያሉ ይጠቀሙበታል። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ ያለው ነው፤ እንሂድ አንሂድ የሚለው ውሳኔ። ሁለተኛው መንገድ ላይ ያለው ነው። ሦስተኛው ከተደረሰ በኋላ ተገቢው ሕክምና እስኪሰጥ ያለው ነው።

ክፍፍሉ ቀላል ይመስላል። ጥቅሙ ግን አንዱ መዘግየት ሌላውን እንደሚወልድ ማሳየቱ ላይ ነው። ጎረቤቷ ሦስት ሰዓት ተጉዛ «ዛሬ ባለሙያ የለም» ተብላ እንደተመለሰች የሰማች ሴት በራሷ ምጥ ጊዜ ብታመነታ አይደንቅም። ከውጭ ሲታይ ይህ «የግንዛቤ እጥረት» ይመስላል። እሷ ግን የሰማችውን ነገር አመዛዝና ነው።

ሁለት ሰዓትና ሦስት ቀን

ለእያንዳንዱ የወሊድ ችግር ሐኪሞች የሚጠቅሱት ግምታዊ ጊዜ አለ። ሕክምና ካልተገኘ፣ ችግሩ ከጀመረበት እስከ ሞት ድረስ የሚወስደው አማካይ ጊዜ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ ደም መፍሰስ 2 ሰዓት ይሰጣል። ከወሊድ በፊት የሚመጣው 12 ሰዓት። የማህፀን መተርተር 1 ቀን። ከእርግዝና ደም ግፊት የሚመጣው መንቀጥቀጥ 2 ቀን። ልጁ አልወጣ ብሎ የተራዘመ ምጥ 3 ቀን። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽን 6 ቀን።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቃሬዛ ለሦስት ቀኑ ምጥ ሊደርስ ይችላል። ለሁለት ሰዓቱ ደም ግን አይደርስም።

አሁን ይህን ሰዓት ሰሜን ሸዋ ላይ እናስቀምጠው። ዞኑ ሜዳው ለዓይን ይሰፋል፤ ጠርዙ ግን ገደል ነው። ከሞረትና ጅሩ ጠርዝ ሆኖ ለሚያይ የመርሐቤቴ አምባ እዚያው ማዶ ነው፤ መካከላቸው ግን የጃማ ወንዝ ሸለቆ አለ። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው መንገድም ይህንኑ ሸለቆ ወርዶ ይወጣል። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ፣ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ሁሉም ቁልቁል ነው። መንዝ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ ውርጭ ነው። ካርታ ላይ 12 ኪሎ ሜትር የሚመስለው በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እናቲቱ ከሸለቆው ወገብ ላይ ካለ ጎጥ ናት እንበል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በሰላም ተገላገለች። ደሙ ግን አልቆም አለ። ባልዬው ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቶ እስኪደውል ግማሽ ሰዓት ሄደ። ጎረቤት ተጠርቶ ቃሬዛው እስኪታሰር ሌላ ግማሽ ሰዓት። ሸክሙ መኪና የሚደርስበት ቦታ ለመውጣት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። አምቡላንሱ በስልክ ተነግሮት እዚያ ቀድሞ ቢደርስ እንኳ ወደ ከተማ ለመመለስ ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል ያስፈልገዋል። ድምሩ 4 ሰዓት ነው። ይህ ሾፌሩ ስልኩን ካነሳ፣ ነዳጅ ካለ፣ ዝናብ ከሌለ፣ መኪናው ሌላ ወላድ ሊያመጣ ካልወጣ ነው።

አምቡላንስ መንገዱን ሁለት ጊዜ እንደሚሄድ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለእናቲቱ መድረሱ አንድ መንገድ ነው፣ መመለሱ ሌላ። ታክሲ ተራ ላይ እንደቆመ መኪና እያሰብን ነው «ለምን አልደረሰም» የምንለው።

«አደጋ ያለባት ተለይታ ትምጣ» የሚለው ሐሳብ

አንዳንድ ባለሙያዎች መልሱን ልየታ ላይ ያደርጉታል። በክትትል ጊዜ መንታ ያረገዘች፣ ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን የሆነች፣ ደም ግፊቷ ከፍ ያለ፣ ልጁ የተገለበጠባት እናት ትለይ፤ እሷ ቀድማ ሆስፒታል ትግባ፤ ሌላዋ አትቸገር። አልጋ ጥቂት በሆነበት አገር ምክንያታዊ ሐሳብ ነው። እነዚህ እናቶች ቅድሚያ ማግኘታቸውም ትክክል ነው።

ችግሩ ደም መፍሰስ ላይ ነው። በእርግዝናዋ ሁሉ ምንም ምልክት ያልታየባት፣ አራት ልጅ በሰላም የወለደች ሴት በአምስተኛው ልትደማ ትችላለች። አብዛኛውን ጊዜ የሚደማውም «አደጋ የለባትም» ከተባሉት መካከል ነው። ስለዚህ መስፈርቱ ሕመም ብቻ መሆን የለበትም። ከሕመሟ እኩል ርቀቷ መታየት አለበት። ከጤና ጣቢያ ሁለት ሰዓት በላይ የምትኖር ሴት፣ ጤነኛ ብትሆንም፣ በኖረችበት ቦታ ምክንያት አደጋ ውስጥ ናት።

ማቆያው

የእናቶች ማቆያ የሚባለው ይህን ለመፍታት የተሠራ ነው። ወሯ የገባች ሴት ምጥ ሳይመጣ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብላ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ገብታ ትቆያለች። መንገዱን በእግሯ፣ በቀን፣ በቀስታ ትጨርሰዋለች። ምጡ ሲመጣ አዋላጇ ከግቢው ማዶ ናት።

በኢትዮጵያ ቀዳሚው ማቆያ በ1976 በጉራጌ አጣጥ ሆስፒታል የተከፈተው ነው። የ22 ዓመት መዝገቡ ሲመረመር በማቆያው ቆይተው ከወለዱት ከ100 ሺህ 90 ገደማ ሞተዋል። በቀጥታ ከመጡት ደግሞ 1,333። ልዩነቱ አስደንጋጭ ነው፤ ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ቤት ተሞክሮ ሳይሆን ሲቀር፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው ማለት አይቻልም። ተጠራጣሪዎቹ «ማቆያ ሞትን እንደሚቀንስ ተሳታፊዎችን በዕጣ ከፍሎ ያረጋገጠ ጥናት የለም» ሲሉ ልክ ናቸው። በበኩሌ ግን የሰዓቱ ሒሳብ ለብቻው በቂ ምክንያት ነው እላለሁ። ሁለት ሰዓት ያላትን ሴት አራት ሰዓት ከሚፈጅ መንገድ ጋር የሚያስታርቅ ሌላ ዘዴ እስካሁን አልታየም።

ታዲያ ማቆያዎች ለምን ባዶ ይሆናሉ? በደንብ ያልተያዘን ማቆያ ቀረብ ብሎ ማየት ነው። ከግቢው ጥግ ያለች አንድ ክፍል ቤት ናት። አራት አልጋ አለ፤ ሁለቱ ፍራሽ የላቸውም። ማብሰያው ሦስት ጉልቻ ነው፣ ማገዶ ግን የለም። ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ሴትዮዋ ሽሮዋን፣ በርበሬዋን፣ ቆሎዋን ይዛ መጥታለች፤ ከመንዝ ከሆነች ባናዋንም (የበግ ፀጉር ብርድ ልብሷን) ጨምራ። በሦስተኛው ቀን ስንቋ ያልቃል። አስታማሚ ሆና የመጣችው እህቷ የምትተኛበት የለም። ደግሞ ቤት የቀረው ሐሳብ አለ። ላሟን ማን ያልባል? ኩበቱን ማን ይጠፈጥፋል? ትንንሾቹን ማን ያበላል?

ቀኑም ሌላ ጣጣ ነው። ብዙዋ እናት የወር አበባዋን ቀን በበዓል ነው የምታስታውሰው፤ «ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ አላየሁም» ትላለች። ክትትል የጀመረችው በሰባተኛ ወሯ ከሆነ የመውለጃዋ ግምት በሳምንታት ሊሳሳት ይችላል። ቀኗ በውል ያልታወቀ ሴት ለሁለት ሳምንት ብላ ገብታ አምስት ሳምንት ልትቆይ ነው። ሳትወልድ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ መንገድ ላይ ወይም ቤት ምጥ ይይዛታል። እርግዝናው እንደታወቀ በመጀመሪያዎቹ ወራት ክትትል መጀመር የሚጠቅመው ለዚህም ጭምር ነው። ቀኑ በትክክል ከታወቀ የማቆያው ቆይታ ያጥራል።

ከተደረሰ በኋላ

እናቲቱ ደረሰች እንበል። ምን ይጠብቃታል?

ስርዓቱ በእርከን የተሠራ ነው። ጤና ኬላ ለ5,000 ሰው ገደማ፣ ጤና ጣቢያ ለ25,000 ገደማ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚሆን ሕዝብ ይታሰባል። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ኬላውን ለክትትልና ለክትባት ቅርብ አድርጎታል። ወሊዱ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። ጤና ጣቢያው መሥራት ያለበት «መሠረታዊ የድንገተኛ ወሊድ አገልግሎት» ይባላል፤ ደም የሚያቆም መርፌ፣ መንቀጥቀጥ የሚከላከል መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክ፣ የተቀረቀረ የእንግዴ ልጅ ማውጣት፣ ያልተነፈሰ ሕፃን ማንቃትና የመሳሰሉት። ሆስፒታሉ በዚህ ላይ ኦፕራሲዮንና ደም መስጠትን ይጨምራል።

ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ጠጋ ብለን እንየው። ኦክሲቶሲን የሚባለው መርፌ ሕፃኑ እንደተወለደ ለእናቲቱ ይሰጣል። ማህፀኑን ያኮማትራል፣ ደሙም ይገታል። ዋጋው ውድ አይደለም፤ ለመውጋትም ረጅም ሥልጠና አይጠይቅም። ነገር ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። በቀወትና በኤፍራታና ግድም ወረዳዎች ቆላ መብራት በተደጋጋሚና ለረጅም ጊዜ ቢጠፋ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ብልቃጥ ኃይሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ከውጭ ሲታይ ምንም አልተለወጠም። አዋላጇ ትወጋለች፤ ማህፀኑ በሚገባ ላይኮማተር ይችላል፤ ለምን እንደሆነም አታውቅም። ስለዚህ የሶላር ፍሪጅ ለአንድ የቆላ ጤና ጣቢያ ከሁለተኛ አምቡላንስ ቀድሞ ሊያስፈልግ ይችላል። ሙቀት የሚችለው ሚሶፕሮስቶል የተባለው ክኒን መጠባበቂያ ሆኖ መቀመጡም ለዚህ ነው።

ከጤና ጣቢያ በላይ ያለው ጥያቄ ደግሞ ኦፕራሲዮን የሚሠራው ማን ነው የሚል ነው። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ከ2009 ጀምሮ የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። ስፔሻሊስት ሐኪም በማይገኝበት ከተማ እናትን ኦፕራሲዮን የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ «እናት» የሚባል ሆስፒታል አለ፤ ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት ያሠራው ነው። እንዲህ ያለ ሆስፒታል ሸለቆውን ሳያሻግር እዚያው መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ ከላይ ያየነው የሰዓት ሒሳብ ይናገራል። ግን ቀዶ ሐኪሙ፣ ሰመመን ሰጪውና ደሙ በአንድ ሌሊት ካልተገኙ ሕንፃው ሌላ ሪፈር የሚጻፍበት ቦታ ይሆናል።

ገንፎ፣ ቡናና የማርያም ስም

ይህ ክፍል እንደ ጌጥ ይታያል፤ አይደለም። ቤቷ የምትወልድ ሴት ዙሪያዋን ሰው ነው። እናቷ ወገቧን ይዛታለች፣ ጎረቤት «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይላታል፣ ደጅ ቡና ይፈላል። ጤና ጣቢያ ስትሄድ «አስታማሚ ውጪ ይጠብቅ» ትባላለች። ብርድ ላይ፣ ብረት አልጋ ላይ፣ በማታውቀው ሰው ፊት ብቻዋን ትሆናለች። በይፋት ቆላ ያሉ ሙስሊም እናቶች ወንድ አዋላጅ ካለ ጭራሽ የማይመጡበት ጊዜ አለ።

በብዙ ቦታ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላት ጀምረዋል። ጥሩ ነው። አንዲት አስታማሚ አብራት እንድትገባ መፍቀድ ግን ከገንፎውም ይቀድማል፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

የልምድ አዋላጆች ጉዳይም እዚህ ይነሳል። አንዱ ወገን ሙሉ በሙሉ ይከልከሉ ይላል፤ እናቶችን ቤት የሚያስቀሩት እነሱ ናቸው ብሎ። ሌላው እንደገና ይሠልጥኑ ይላል። ሥልጠና ደም ለሚፈሳት እናት ኦክሲቶሲንና ደም አይሆናትም። ማባረሩ ደግሞ እናቲቱ የምታምናትን ብቸኛ ሰው ያሳጣል። መካከለኛው መንገድ እትዬ አዋላጇ ራሷ ወላዷን ይዛ እንድትመጣ፣ ምጥ ክፍልም አብራ እንድትገባ ማድረግ ነው። ክብሯም አይነካም፣ እናቲቱም ትመጣለች።

ግጭትና ገንዘብ

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት የሰዓቱን ሒሳብ አክብዶታል። መንገድ ሲዘጋ፣ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ ሾፌር በሌሊት መውጣት ሲፈራ ከላይ ያሰብነው 4 ሰዓት እስኪነጋ ድረስ ይረዝማል። ሰሜን ሸዋ ከዚያ በፊትም በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ላይ በደረሰው ቃጠሎና በሰሜኑ ጦርነት ተጎድቷል። አምቡላንስን ከሁሉም ወገን ጥቃት መጠበቅ የሕግ ግዴታ ነው፤ በገጠር ደግሞ የወሊድ አገልግሎቱ ራሱ ነው።

በዚህ ላይ የውጭ እርዳታው ተቀነሰ። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ድጋፍ ሲቆም ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል ሠራተኞችን ውል አቋርጧል። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ምክንያት ሥራ አቁመው ነበር። ሩቅ ወረዳ ላይ የተመደበች አዋላጅ ደመወዟ ካላኖራት ከተማ ትፈልጋለች። ማቆያ ብንሠራም አዋላጇ ከሄደች ማቆያው መጠለያ ብቻ ነው።

አገልግሎቱ በመንግሥት ተቋም ነጻ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ግን አምቡላንስ ያመጣል እንጂ አይመልስም። አራሷ በሁለተኛው ቀን ሕፃኗን ታቅፋ ያንኑ ዳገት በእግሯ ትወርዳለች። በ2019 ከወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ የድኅረ ወሊድ ምርመራ ያገኙት ከ100 እናቶች 34 ብቻ መሆናቸው ከዚህም ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

ጥርና ሐምሌ

ከዚህ ሁሉ ወረዳና ቀበሌ በራሳቸው አቅም ሊያስተካክሉት የሚችሉት አንድ ነገር የማቆያው ስንቅ ነው። ማቆያው ከሁሉ ይበልጥ የሚፈለገው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጃማ ይሞላል፣ የመንዝ መንገድ ይጨቀያል፣ አምቡላንስ ጭቃ ውስጥ ይቀራል። በዚያው ወቅት ደግሞ የገበሬው ጎተራ ተሟጧል። «ስንቅሽን ይዘሽ ነይ» የምትባለው እናት ከቤቷ የምታነሳው የላትም። የጤናማ እናትነት ወር የሚከበርበት ጥር ግን ውቂያ የሚያልቅበት፣ አውድማው የሚጠረግበት ጊዜ ነው። በልግ አብቃይ በሆነው የመንዝ ደጋ ጊዜው ሊለይ ይችላል። ከየጎጡ አንድ ቁና ጤፍ፣ ገብስ ወይም ባቄላ በጥር ወጥቶ ጤና ጣቢያው ግቢ በተቆለፈ ጎተራ ቢገባ፣ ማገዶውም በበጋው ቢከመር፣ በሐምሌ የምትመጣዋ እናት ሦስት ሳምንት የምትበላው ይኖራታል።